ለትንሿ ሮቦት ስንቅ ማን ይቋጥርላት?

በሰመር ማታ ሚነርቫ ፓርክ በረንዳ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ሥር ጢዝ የምትል ዝንብ አያጣም። እጃችንን ስናወዛውዝ ታመልጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ትመለሳለች። ይህን የሚያደርግ ሮቦት መሥራት እንችላለን?

ከዚህ ወደ ምዕራብ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ብንነዳ ዴይተን እንደርሳለን፤ የወፎችን አበራረር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1903 አውሮፕላን ያበረሩት የራይት ወንድማማቾች ከተማ ናት። የዝንብ ነገር ግን ከዚያም ይከብዳል።

«ድሮኑን ማሳነስ ነዋ!» እንል ይሆናል። አይሠራም። ሞተር በጣም ሲያንስ ሰበቃው ከጉልበቱ አንጻር ይበዛል፤ የባትሪው ኃይል በከንቱ ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

ነፍሳት ሌላ ዘዴ አላቸው። ክንፋቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይቀዝፋሉ፤ አቅጣጫ ሲቀይሩም ይገለብጡታል። ያን ጊዜ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ትንሽ የአየር አዙሪት ይፈጠራል። አዙሪቱ ከክንፉ በላይ ያለውን ግፊት ስለሚቀንስ ክንፉ ወደ ላይ ይሳባል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ኤሊንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን በእሳት እራት ክንፍ ላይ በጭስ አሳይተዋል።

በሃርቫርድ የሮበርት ዉድ ቡድን ይህን አበራረር ተከትሎ «ሮቦቢ»ን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነችው ሮቦት 80 ሚሊግራም ትመዝናለች፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ ታርገበግባለች። በሞተር ፈንታ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚታጠፍ የሴራሚክ «ጡንቻ» አላት። ኃይል የምታገኘው ግን መሬት ላይ ካለ መሣሪያ በቀጭን ሽቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ባለ አራት ክንፍ ታናሿ ያለ ሽቦ፣ በፀሐይ ሴል ተነሣች። ከፀሐይ የበረታ መብራት አስፈልጓት፣ አየር ላይ የቆየችው ከአንድ ሴኮንድ በታች ነው።

አገር ቤት ቀፎ ያለው ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ንብ ጥቂት ጣፋጭ በሆዷ ይዛ ኪሎሜትሮችን በርራ ትመለሳለች። ሮቦቷን ያስቸገራት እንግዲህ ስንቅ እንጂ ክንፍ አይደለም።

ይህች ሮቦት አንድ ቀን ከፈረሰ ሕንጻ ሥር ሰው ልትፈልግ ትችላለች። ንቦቻችንን ግን ትተካለች ብለን አንጠብቅ። የባትሪ ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም ማቴሪያል ሳይንስ የምትማሩ እኅት ወንድሞቻችን፣ «ሁሉም ተሠርቶ አልቋል» ለሚላችሁ መልሳችሁ ይኸው፤ የዚህች ሮቦት ስንቅ ገና አልተቋጠረም።