ዲኤክስ ከተገዛች በኋላ

በኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቶች ስለ መኪና ሲያወሩ ስሟ ሳይነሳ የማይቀር አንዲት አሮጌ ቶዮታ አለች። ሊብሬዋ ኮሮላ ይላታል፤ ሰው ግን ዲኤክስ ነው የሚላት። ባለ አራት በር ናት፤ ቅርጿ ማዕዘናም፣ ዕድሜዋ ከብዙ ነጂዎቿ የሚበልጥ። አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ቸርኬዋ ተቀይሮ፣ ማርሚታዋ እንዲጮህ ተደርጎ ስታልፍ ዞር ብሎ የማያያት ጎረምሳ ጥቂት ነው። የስፖርት መኪና ፍቅር ያደረበት የአገራችን ወጣት አቅሙ ሲፈቅድለት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እሷ ዘንድ ነው።

ዲኤክስን ከስፖርት መኪና ጋር ማንሳት ማጋነን አይደለም። እሷ የምትመደብበት አራተኛው ትውልድ ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ለቤተሰብ ነበር። እኛ ጋ በብዛት የምናውቀው ሞተሩ አራት ፒስቶን ያለው፣ 1290 ሲሲ፣ በካርቡራተር የሚሠራና ወደ 60 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ነው። ኃይሉ የሚደርሰው ግን ለኋላ ጎማዎች ነው፤ መኪናዋም ከአንድ ቶን በታች ትመዝናለች። እ.ኤ.አ. በ1983 ቀጣዩ ትውልድ ሲመጣ ባለ አራት በሩ ኮሮላ በፊት ጎማ የሚጎተት ሆነ። በኋላ ጎማ መነዳት የቀጠሉት ሌቪንና ትሩዌኖ የተባሉት የስፖርት ዓይነቶቹ ናቸው፤ በእነሱም መካከል ኤኢ86 የምትባለው ዝነኛ ሆነች። የኤኢ86 የታችኛው አካል በአብዛኛው የተወረሰው ከዲኤክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 መታተም የጀመረው ኢኒሻል ዲ የተሰኘ የጃፓን የሥዕል ልቦለድ በተራራ ቁልቁለት ኤኢ86 የሚያስወነጭፍ ልጅ ታሪክ ይዞ ሲመጣ የመኪናዋ ስም ዓለምን አዳረሰ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ እኛ የምናውቃትን ዲኤክስ ራሷን ጎማ ለማንሸራተት ውድድር የሚያዘጋጁ ብዙ ናቸው። የእኛ ዲኤክስ የታላቅ ቤተሰብ ልጅ ናት።

በዚህ ዕድሜዋ ገበያ ላይ መቆየቷ የፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚገዛው አገር ውስጥ ያለውን ነው። አሮጌው መኪና አዲስ ባለቤት እያገኘ ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ አዲስ ባለቤትም ቀዳሚው ያላሠራውን ሁሉ አብሮ ይረከባል።

አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ከተገዛች በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ፍሬን፣ ማቀዝቀዣና ጎማ ላይ ነው። ቸርኬው፣ ስፒከሩ፣ መብራቱ ይደርሳል። መንገዱ የወሎ መንገድ ከሆነ ደግሞ ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ወደምትታወቀው ሲሪንቃ የሚሄድ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። የመንገዱ ከባድነት ግን ከርዝመቱ ይልቅ ከፍታና ዝቅታው ላይ ነው። ጣርማበር ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲናን ቁልቁል ሲወርድ በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ደሴ እንደገና ወደ 2500 ሜትር ይወጣል። ከዚያ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን እያለፈ ይወርድና ሲሪንቃ 1850 ሜትር ላይ ትጠብቀዋለች። ወልድያ ደርሶ ወደ ጋሸና የሚታጠፍ ከሆነ ሌላ ተራራ ፊቱ ቆሟል።

ይህ ውጣ ውረድ አሮጌዋን መኪና በሦስት በኩል ይፈትናታል፤ በአየር፣ በውሃና በፍሬን።

ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። ዘመናዊ መኪና ኮምፒዩተሩ ይህን ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ካርቡራተር ግን ያንን አያውቅም። መርሳ ላይ ልክ የነበረው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ነዳጅ ትበላለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየር ይበዛበትና ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይግላል። ይህን የሚናገረው ካንዴላው ነው። ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷል። ካርቡራተሩ መስተካከል ያለበት መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ በምትውልበት ከፍታ ነው። ሲሪንቃና መርሳ ለሚነዳ ሰው የአዲስ አበባ ማስተካከያ አይበቃውም።

ይኸው የአየር መሳሳት ገዢዎችን ያለ ምክንያት የሚያስደነግጥበት ሌላ ቦታ አለ። መካኒኩ የሞተሩን ኮምፕረሽን ሲለካ የሚወጣው ቁጥር መመሪያው ላይ ከተጻፈው ያንሳል። ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ጤነኛ ሞተር እንኳ አንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ብሎ መነበቡ የሚጠበቅ ነው። መታየት ያለበት የአራቱ ፒስቶኖች ቁጥር እርስ በርስ መቀራረቡ ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ወድቆ ከተገኘ ያን ጊዜ ፋሻው፣ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው፤ የዋጋ ድርድሩም ከዚያ ይጀምራል።

ውሃን በተመለከተ ደግሞ፣ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ 92 አካባቢ፣ ጣርማበር 90 አካባቢ ይፈላል። ያ ከሆነ የራዲያተሩ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። ውስጡ ያለው ሞላ ግፊት ይዞ የውሃውን መፍያ ከፍ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ዳገት መሀል ላይ ራዲያተሩ የሚገነፍለው ብዙ ጊዜ በዚህች በርካሽ በምትገኝ ዕቃ ምክንያት ነው። የሞተሩ አካል ብረት፣ ቴስታታው ግን አልሙኒየም ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮኑም ይቃጠላል። አንዳንድ ጋራዥ ሞተሩ እንዳይሞቅ ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። ይህን ልማድ ብንተወው ደስ ይለኛል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ሙቀቱን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ በቀዝቃዛነቱ ሲሠራ ቤንዚን ያባክናል፣ ፋሻውም ቶሎ ያልቃል። ለሙቀት መፍትሔው ራዲያተሩን ማጽዳት፣ የውሃ ፓምፑን ማየት፣ የተሰነጠቀ ቺንጋና የላላ ቱቦ መቀየር ነው። ከቧንቧ ወይም ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ብቻ መጨመርም ዝገትና ደለል ያመጣል፤ በትክክል የተደባለቀ ኩላንት ይሻላል።

ፍሬን ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነውና።

አብዛኞቹ ዲኤክሶች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላቸው። ሁለቱም የሚሠሩት ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት በቱቦዎቹ ውስጥ ግፊቱን ስለሚያደርስ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዓመታት ሲያልፉ ውስጡ ውሃ ይገባል፣ የሚፈላበት ሙቀትም ይወርዳል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፤ ሙቀቱ ዘይቱ ጋ ሲደርስ ውሃ የያዘው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። ነጂው ይረግጣል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናዋ አትቆምም። ከተማ ውስጥ ለወራት ምንም ችግር ያላሳየ ፍሬን ተራራ ላይ ድንገት የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መኪናዋ በተገዛች ሳምንት አራቱም ጎማ ይውለቅ። የፊት ሸራ ውፍረቱ፣ ዲስኩ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ይታይ። ታምቡሩ ተከፍቶ ከፍሬን ፓምፑ ዘይት መንጠባጠብ አለመንጠባጠቡ ይመርመር። አርባ ዓመት የቆዩ የጎማ ቱቦዎች ከላይ ሲታዩ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን አብጦ ግፊት ያፍናል፤ ካልተቀየሩ መቀየር አለባቸው። አሮጌው ዘይት በሙሉ ይፍሰስና አዲስ ይሞላ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይደገም። በፍሬን ዘይት ምትክ ሌላ ፈሳሽ የሚጨምር ካለ ከዚያ ጋራዥ መውጣት ነው።

ከነጂው የሚጠበቅም አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፍሪ መውረድ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አልጠፋም። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን ማገዣው ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ያልቅበታል፤ በፍሪ ሲወርድ ደግሞ መኪናዋን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ይሆናል። ቁልቁለቱ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ከተወረደ ግን የሸክሙን ብዙ ክፍል ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ለድንገተኛ ጊዜ ይቆያል።

ጎማ ሲገዛ ጥርሱን ብቻ ማየት አይበቃም። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ የአሥር ዓመት ጎማ የደረቀ ጎማ ነው። ዲኤክስ ኃይሏ ከኋላ፣ ክብደቷ ደግሞ ይበልጡን ከፊት ስለሆነ በክረምት ኩርባ ላይ ጭራዋ ይሸሻል፤ በደረቀ ጎማ ደግሞ ይብሳል።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ልል ከሆነ ቴስቲናዎቹን ማየት ነው። ስትነሳ ከሥር ቋ የሚል ድምፅ ካለ ክሮቼራው ተበልቷል፤ ፍጥነት ሲጨምር የሚያፏጭ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ወይም ኩሽኔታው ነው። የሞተር ዘይት ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል፤ አቧራ በሚበዛበት መንገድ በየ3000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ቢቀየር ገንዘቡ አይቆጭም። የዚህ ሞተር ትልቅ ጸጋ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው በሰንሰለት መሆኑ ነው፤ እንደ ቺንጋ ድንገት ተበጥሶ አይጥልም፤ ሲያረጅ ይንኮሻኮሻል፣ ያስጠነቅቃል። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ሊኖረው ስለሚችል የግድ ካልሆነ አይግባባት፤ ከገባም የቤንዚን ፊልትሮውን ቶሎ መቀየር ነው።

ቀለሟ አዲስ የሆነ መኪና ስትገዛ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በሮቹ ሥርና የጎማው ክብ ላይ ማስጠጋት ይጠቅማል። ላሜራ ይይዘዋል፤ በወፍራሙ የተለሰነ ስቱኮ አይይዘውም። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይነጻጸር። ብዙ ዲኤክሶች በዕድሜያቸው ሞተር ቀይረዋል፤ መቀየሩ ያልተመዘገበ ከሆነ ችግሩ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ይመጣል። በውክልና ብቻ ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ መቀመጥም አይገባም።

ስለ ማሳመር መጨረሻ ላይ መናገሬ ስለምጠላው አይደለም። ወጣት መኪናውን መውደዱና የራሱ መልክ እንዲኖራት መፈለጉ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ሞላ መቁረጥ አደገኛ ነው። የተቆረጠ ሞላ አካሏ ከፍ ሲል ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ጉድጓድ ላይም ሻንሲዋን ያስመታል። ትልልቅ ስፒከርና አምፕሊፋየርም የዚያ ዘመን ዲናሞና ሽቦ ከሚችለው በላይ ይስባሉ፤ ፊውዝ ሳይገባለት በቀጥታ ከባትሪ የተሳበ ሽቦ እሳት ያስነሳል።

መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የዲኤክስ ዕቃ ጠይቆ ባዶ እጁን የሚመለስ ብዙ አይደለም፤ ያገለገለ ዋናው ዕቃ አዲስ ከተባለ ርካሽ አምሳያ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ለፍሬን ሸራ፣ ለፍሬን ቱቦና ለጎማ ግን ያገለገለ አይገዛም።

መርሳ፣ ሲሪንቃ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ዲኤክስ ገዝታችሁ ወደ ቤተሰብ ለመውረድ የተዘጋጃችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ ጣርማበርን ከማለፋችሁ በፊት የፍሬን ዘይቱን አስቀይሩ፣ የራዲያተር ክዳኑን አዲስ ግዙ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ።