በታተመ የኮምፒውተር ጽሑፍ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚቀር ነገርና ስለ ኀላፊነቱ

በጎጃም አድባራትና ገዳማት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ከዋናው ንባብ ሌላ ብዙ ነገር ይዘዋል። በኅዳጉና ባዶ በቀረው ገጽ ላይ የመሬት ስጦታ፥ ሽያጭና የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ቀለሙ ቢጠፋም የተፋቀው ብራና ስለሚታወቅ፥ አንባቢው በዚያ ቦታ ሌላ ስም እንደ ነበረ ይረዳል። በብዙ መጻሕፍት የሚጻፈው ውግዘትም የሰረቀውንና የፋቀውን የሚመለከት ነው። ስለዚህ በብራና ዘመን ተጠያቂው የሚፍቀው እጅ ነበር።

ዛሬ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሚሠራባቸው የኮምፒውተር ሰነዶች ጠባያቸው ከዚህ የተለየ ነው። ጸሐፊው የፋቀው የመሰለው ነገር ሳይፋቅ ይቀራል፤ የቀረበትም ቦታ ለዓይን አይታይም። እንግዲህ ሳይፋቅ በቀረው ነገር ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። በዎርድ የተጻፈ ሰነድ የጸሐፊውን ስም፥ የተጀመረበትንና መጨረሻ የታረመበትን ቀን ይመዘግባል። የትናንቱን ደብዳቤ ከፍቶ፥ የተቀባዩን ስም ለውጦ፥ በአዲስ ስም ማስቀመጥ የተለመደ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ጸሐፊ ስም ከደብዳቤ ወደ ደብዳቤ ሊሻገር ይችላል። ሁለተኛ፥ የለውጥ መከታተያው ተከፍቶ ከሆነ የተሰረዘው ቃል ከሰራዡ ስምና ከሰዓቱ ጋራ ይቀመጣል። ሦስተኛ፥ ከኤክሴል ከነሠንጠረዡ የተለጠፈ ግራፍ፥ የሚታየው ጥቂት ዓምድ ብቻ ቢሆንም፥ ሠንጠረዡን በሙሉ በሆዱ ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችም ተቸግረዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በጥር 1995 ዓ.ም. ስለ ኢራቅ ያወጣው ሰነድ በዎርድ መልክ ስለ ተሰራጨ፥ ሰነዱን ያዘጋጁት ሠራተኞች ስም በውስጡ ተገኘ። በዚሁ ጊዜ ከሰነዱ ብዙው ክፍል ኢብራሂም አል-ማራሺ ከተባሉ ተመራማሪ ጽሑፍ ስማቸው ሳይጠቀስ የተገለበጠ መሆኑ ታወቀ። በሰኔ ወር በፓርላማው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ሰነዱ ከተጠየቁት አንዱ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የማስታወቂያ ኀላፊ አላስቴር ካምቤል ነበሩ።

ከዚህ የባሰው የጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነገር ነው። የሊባኖሱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የራፊቅ ሐሪሪን መገደል ለተባበሩት መንግሥታት ያጣሩት ዴትሌቭ ሜሊስ፥ አንድ ምስክር በሤራው ያነሣቸውን ሰዎች ስም ከሪፖርታቸው አውጥተው ነበር። ሪፖርቱ ግን የእርማት ታሪኩን እንደ ያዘ ስለ ተሰራጨ የወጡት ስሞች በዓለም ሁሉ ተነበቡ። ሜሊስ ስሞቹን ያወጡት ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ነው በሚለው መሠረተ ሐሳብ መሆኑን አስረዱ፤ ነገር ግን የተነበበውን መመለስ አልተቻለም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር የራሳችንን የምርምር ሥራ ይመልከት። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ድልድል አንዳንዱን ገበሬ «ቢሮክራት» ወይም «ቀሪ ፊውዳል» ብሎ መድቦ መሬቱን ቀንሶበታል። ስለዚህ ነገር በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የሚጠይቅ ተማሪ ለገበሬው «ስምዎን አልጽፍም» ብሎ ቃል ይገባል። በጽሑፉም በስም ፈንታ ቁጥር ያደርጋል። ሆኖም ከነሠንጠረዡ የተለጠፈ አንድ ግራፍ ቢኖርበት፥ የገበሬው ስም፥ ቀበሌውና ስለ ጎረቤቱ የተናገረው ሁሉ ለሚከፍተው ሰው ይገለጣል። ጎረቤታሞች በወሰን በሚካሰሱበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

አንዳንዶች ጥፋቱን በጽሕፈት ሠራተኛው ላይ ያደርጋሉ። እርሱ ግን የታዘዘውን ይጽፋል እንጂ ለማን ምን ቃል እንደ ተሰጠ አያውቅም። ሌሎች ፕሮግራሙን የሠራውን ኩባንያ ይወቅሳሉ። በቀድሞው ዎርድ «ፈጣን ማስቀመጥ» የሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ጽሑፍ ለተጠቃሚው ሳያስታውቅ በሰነዱ ውስጥ ስለሚተው ወቀሳው ተገቢ ነበር። ከ2007ቱ ዎርድ ጀምሮ ግን ሰነድ መርማሪ የሚባል መሣሪያ አብሮ ስለሚገኝ ይህ ምክንያት ደክሟል። ስለዚህ ዋናው ኀላፊነት ሰነዱ እንዲወጣ በሚወስነውና ቃሉን በሰጠው ሰው ላይ ይወድቃል፤ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ እርሱ ነውና። የአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስለ ዳታው አሠራር የሚወስነውን ወገን በትእዛዝ ከሚሠራው ይለያል። ጽሑፉን የሚያሳትመው ኮሌጅም ሳይመረምር ቢያወጣ ከተጠያቂነት አያመልጥም። የተሰወረውን ያገኘ አንባቢ ደግሞ ለባለቤቱ ማስታወቅ እንጂ የሰውን ስም ማሰራጨት አይገባውም።

ጥንቃቄው አስቸጋሪ አይደለም። እርማቶችን ሁሉ አጽድቆ ወይም ሽሮ መጨረስ፥ የዳር አስተያየቶችን ማጥፋት፥ ግራፍን እንደ ሥዕል መለጠፍ፥ ከዚያም በሰነድ መርማሪው መፈተሽ ይበቃል። ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ብቻውን አያድንም፤ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ቃል ከሥሩ ተቀድቶ ሊነበብ ይችላልና። ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የአማርኛ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድም የላቲን ፊደል ኮድ ስለሚይዝ፥ አንድን ስም በዛሬው የአማርኛ ፊደል ፈልጎ ማጣት ስሙ የለም ለማለት አያበቃም። እነዚህን ማወቅ ከአጥኚው ይጠበቃል። ገበሬው የነገረን በቃላችን ተማምኖ ነውና፥ ኮምፒውተሩን አላውቅም ማለት ለእርሱ መልስ ሊሆን አይችልም።