«የእናቶች ክንድ»
ሲልቪያ ፓንክረስትን ስናስታውስ

በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ከሚገኘው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለአገራቸው የተዋደቁ አርበኞች ካረፉበት ሥፍራ፣ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር ይገኛል። ለጸሎትም ሆነ ለቀብር በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ስማቸውን አንብቦት ይሆናል። ማን እንደነበሩ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ «የኢትዮጵያ ወዳጅ» ከሚለው አልፈው አይሄዱም። እርግጥ ነው፣ ወዳጅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሲልቪያ ፓንክረስት የኢትዮጵያን ጉዳይ የራሳቸው ባደረጉበት ጊዜ ዕድሜያቸው 53 ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን የጉልምስና ዘመናቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት እንደ እናንተ ልጅ አሳድገው፣ ቤት አስተዳድረው፣ ደግሞም ወደ ሥራ ከሚሮጡ እናቶች ጋር ነበር። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናወሳላችሁ የፈለግነው ይህንኑ እምብዛም ያልተወራለትን ታሪካቸውን ነው። (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሥዕል የተማረችው ልጅ

ሲልቪያ ፓንክረስት የተወለዱት ሜይ 5 ቀን 1882 በእንግሊዝ አገር፣ የፋብሪካ ከተማ በሆነችው በማንቸስተር ነው። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የሕግ ባለሙያና የሴቶች መብት ደጋፊ ነበሩ። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ በዓለም የታወቁት የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይ ናቸው። አባትየው በ1898 ሲሞቱ ቤተሰቡ ለችግር ተዳረገ። ሲልቪያ ግን ተሰጥኦ ስለነበራቸው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው በማንቸስተር፣ ቀጥሎም በለንደን ሥዕል አጠኑ።

በ1903 እናታቸው በማንቸስተር መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ማኅበር ሲመሠርቱ፣ የማኅበሩን ባንዲራና ዓርማ በመሣል የረዱት ሲልቪያ ነበሩ። በ1907 ደግሞ ቀለማቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው በእንግሊዝና በስኮትላንድ የሥራ ቦታዎች ተዘዋወሩ። በብረት ሰንሰለት ሥራ፣ በሸክላ ፋብሪካ፣ በጫማ ስፌት፣ በጥጥ መፍተያና በከሰል ማዕድን ደጃፍ የሚሠሩ ሴቶችን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሣሏቸው። በዚህም ጉዞ ሴቶቹ ለድካማቸው የሚያገኙት ዋጋ ከወንዶቹ ያነሰ መሆኑን በዓይናቸው ተመለከቱ። የሠዓሊነት ሙያቸውን ትተው ሕይወታቸውን ለትግል የሰጡት ውሎ አድሮ ነው፤ ነገር ግን የእነዚያ ሴቶች ፊት ከአእምሯቸው እንዳልጠፋ የኋላ ሥራቸው ይመሰክራል።

የድመትና የአይጥ ሕግ

ዛሬ በምርጫ ቀን ካርድ ይዛ የምትሰለፍ ሴት መብቱ በምን ያህል ስቃይ እንደተገኘ ላታስበው ትችላለች። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች ይታሰሩ ነበር። ሲልቪያም ከ1906 ጀምሮ ወደ ለንደኑ ሆሎዌይ እሥር ቤት ተመላልሰዋል። እሥረኞቹ የረሃብ አድማ ሲመቱ ጠባቂዎች ተረባርበው ይይዟቸውና በጎማ ቱቦ ምግብ በጉሮሯቸው ያወርዱባቸው ነበር። በ1913 ደግሞ ሕዝቡ «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ የሰየመው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እሥረኛዋ በረሃብ ስትዝል ትለቀቃለች፤ ትንሽ ስታገግም እንደገና ትታሠራለች። ሲልቪያ ከምግብም አልፈው ውኃና እንቅልፍ እስከ መከልከል ደርሰው ደጋግመው ይህን መከራ ተቀብለዋል።

በጁን 1914 ከእሥር እንደወጡ ሰውነታቸው ደክሞ ሳለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሴቶችን ተቀብለው ካላነጋገሩ በስተቀር ምግብ እንደማይቀምሱ አስታውቀው ወደ ፓርላማው ደጃፍ በሰው ተይዘው ሄዱ። ጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝም እሺ አሉ። ገብተው የተነጋገሩት ግን ሲልቪያ አልነበሩም። ስድስት ሠራተኛ ሴቶች ናቸው፤ ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ቤታቸውና ስለ ኑሯቸው በራሳቸው አንደበት አስረዱ። ልብ በሉ፣ ለድሃ ሴት መናገርና ድሃዋ ሴት ራሷ እንድትናገር በሩን መክፈት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲልቪያ የመረጡት ሁለተኛውን ነው።

መጠጥ ቤቱ የሕፃናት መዋያ ሆነ

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይባላል። በፓንክረስት ቤትም የሆነው ይኸው ነው። ታላቅ እህታቸው ክሪስታቤልና እናታቸው ትግሉ ከሠራተኛው ንቅናቄ ጋር እንዳይነካካ ፈለጉ። ሲልቪያ ግን የለንደን ድሆች በሚኖሩበት በኢስት ኤንድ ሠፈር ተቀምጠው ከሠራተኞቹ ጋር ማበርን መረጡ። በዚህ ምክንያት በ1914 መጀመሪያ ከእናታቸው ማኅበር ተለይተው እንዲወጡ ተደረገ። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ። እናትና ታላቅ እህት ጦርነቱን ደገፉ፤ ሲልቪያ ተቃወሙ።

ነገር ግን «ጦርነት ይቁም» ብሎ መጮህ ብቻውን የተራበ ልጅ አያጠግብም። ጦርነቱ እንደተጀመረ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ የምግብ ዋጋ ናረ፤ ባሎቻቸው ወደ ግንባር የሄዱባቸው ሴቶች የሚገባቸው ድጎማ እየዘገየባቸው ባዶ ማጀት ይዘው ቀሩ። ሲልቪያና ጓደኞቻቸው የሠሩት የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ያለ ትርፍ ምግብ የሚሸጥባቸው ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ገንዘብ የሌለው በነፃ ይበላ ነበር። ሁለተኛ፣ ከጀርመን አገር ይመጣ የነበረው የልጆች መጫወቻ በጦርነቱ ምክንያት ስለቀረ፣ ሥራ የፈቱትን ሴቶች ሰብስበው የመጫወቻ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ደመወዙም ሊያኖር የሚችል እንዲሆን አደረጉ። ሦስተኛ፣ ለወታደር ሚስቶች ድጎማ እንዲከፈል ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እየተመላለሱ ተከራከሩ። አራተኛውን ግን በተለይ እናቶች ታስታውሱት ዘንድ እንወዳለን። በሠፈሩ በጠመንጃ ሠሪዎች ስም የሚጠራ አንድ ያረጀ መጠጥ ቤት ነበር። ሲልቪያና ባልደረቦቻቸው ቤቱን ተረክበው አጸዱትና በ1915 የሕፃናት መዋያና የእናቶች ክሊኒክ አደረጉት። ስሙንም ለውጠው «የእናቶች ክንድ» አሉት። ጠዋት ወደ ፋብሪካ የምትሄድ እናት ልጇን እዚያ ታስቀምጣለች፤ ወተት፣ ሐኪምና ነርስ ይገኙበታል። ጠመንጃ ይታወስበት የነበረ ቤት ሕፃናት የሚታቀፉበት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ለሲልቪያ ሰላም ማለት ይህ ነበር። ከመድረክ ንግግር ባሻገር ወተት፣ ደመወዝና ልጅን የሚያስቀምጡበት ንጹሕ ክፍል ማለት ነው።

የከፈሉት ዋጋ

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሁሉም ያጨበጨበላቸው እንዳይመስላችሁ። በ1920 በሚያሳትሙት የሠራተኞች ጋዜጣ ላይ በወጣ ጽሑፍ ሳቢያ ተከሰው የስድስት ወር እሥራት ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ የጸጥታ ክፍልም ለብዙ ዓመታት እንቅስቃሴያቸውን ይከታተል ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ሲልቪያ ከጣሊያናዊው ስደተኛ ጋዜጠኛ ከሲልቪዮ ኮሪዮ ጋር ያለ ጋብቻ ይኖሩ ነበር። በ1927 መጨረሻ በ45 ዓመታቸው ወንድ ልጅ ወለዱ። እናታቸው በዚህ ተቆጥተው ልጃቸውን ለማነጋገር አልፈቀዱም፤ ሳይታረቁም በጁን 1928 ሞቱ። በ1918 የወጣው ሕግ 30 ዓመት ለሞላቸውና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች ብቻ መብት ሰጥቶ ወጣት ሠራተኞቹን ትቷቸው ነበር። እናትየው ባረፉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን የእንግሊዝ ሴቶች በሙሉ ከ21 ዓመት ጀምሮ ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት አገኙ። እናትና ልጅ አንድ ላይ የጀመሩት ትግል ለድል ሲበቃ አብረው ሊደሰቱበት አልታደሉም።

ሲልቪያ ግን ከኀዘናቸውም ሥራ አወጡ። እናት ከሆኑ በኋላ በወሊድ ምክንያት ስለሚሞቱ ሴቶች አጥንተው በ1930 «እናቶችን አድኑ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር፣ ሀብታምም ሆነች ድሃ፣ አገር አቀፍ የወሊድ አገልግሎት እንዲቋቋም ጠየቁ። በሚኖሩበት በዉድፎርድ ደግሞ ከአውሮፕላን የሚጣል ቦምብን የሚያወግዝ የድንጋይ ሐውልት አስተከሉ። ሐውልቱ በ1935 ከተመረቀ በኋላ ጉዳት ስለደረሰበት በ1936 እንደገና ሲመረቅ፣ በለንደን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ጸሐፊ ተገኝተው ነበር። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የቦምቡንም የመርዝ ጋዙንም ምንነት ቀምሳዋለች።

ሚያዝያ 27

የሙሶሊኒን አገዛዝ ሲልቪያ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲያወግዙ ኖረዋል። ስለዚህ የፋሽስት ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ዝም አላሉም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። በዚያው ዕለት ቀን የተጻፈበት የ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም ለንደን ላይ ወጣ። ብዙዎች «የኢትዮጵያ ነገር አለቀለት» ባሉበት ቀን ሲልቪያ ገና መጀመሩ ነው አሉ ማለት ነው። ጋዜጣው ለ20 ዓመት ያህል ስለ አርበኞች ተጋድሎ፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ፋሽስት ግፍ ጽፏል። በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

ሲልቪያ ዘውዳዊ አገዛዝን የማይደግፉ ሰው ነበሩ። ይህንኑም ለንጉሠ ነገሥቱ በግልጽ ነግረዋቸዋል፣ ድጋፋቸው ለዘውዱ ሳይሆን ለተበደለው ሕዝብ መሆኑንም አስረድተዋል ይባላል። እንግዲህ ከማንም ጋር ሲወዳጁ መርሐቸውን ከደጅ ትተው አይገቡም ነበር ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላም የእናቶችን ነገር አልረሱም። በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የነበሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1942 ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው ሲሞቱ፣ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ሲልቪያ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። ሆስፒታሉ በ1951 ተከፈተ። በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ የታወቀው ይኸው ነው።

በ1956፣ በ74 ዓመታቸው፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኑሯቸውን እዚህ አደረጉ። «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት እያዘጋጁ ስለ አገራችን ታሪክ፣ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ጻፉ። በመስቀል በዓል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አረፉ። በቀብራቸውም ወለተ ክርስቶስ ተባሉ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራችና የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነው፣ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ታግለው፣ በ2017 እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፉ።

ምን እንማራለን?

እናቶችና እህቶች፤ ሲልቪያን «የኢትዮጵያ ወዳጅ» ብለን ብቻ ብናመሰግናቸው ውለታቸውን ከግማሽ በታች እናሳንሰዋለን። ለኢትዮጵያ የቆሙት ለኢስት ኤንድ እናቶች በቆሙበት በዚያው ልብ ነውና። ቤቷ የተቃጠለባት የአዲስ አበባ እናትና የልጇ ወተት የተወደደባት የለንደን እናት ለእርሳቸው አንድ ነበሩ።

ደግሞም ሥራቸው ከትልቅ ገንዘብ አልተነሣም። አንድ ያረጀ መጠጥ ቤት፣ ጥቂት ድስትና ጥቂት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ መነሻው። እኛም ብንሆን እድርና እቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ለቀብር ድንኳን የሚያዋጣ ሠፈር ለልጆች መዋያ አንድ ክፍል ማዋጣት አያቅተውም። በመሥሪያ ቤታችሁ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለ አንዷ ብቻዋን ስትጠይቅ ጉዳዩ የግል ችግር ይመስላል፤ ሃያ ሆናችሁ ስትጠይቁ ግን የሥራ ጉዳይ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሰላምንም እንዲሁ። በቅርብ ዓመታት በአገራችን ጦርነት ምን እንደሚያደርስ የማታውቅ እናት የለችም። ልጆቻችሁን በምታሳድጉበት ቤት የጎረቤት ልጅ ጠላት ተብሎ እንዳይነገር ማድረግ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሲልቪያ ፓንክረስትን የሚያስታውስ ሰው ከዚያ ይጀምር።