ክሪክ ሲገዙ ወገብዎን ያስቡ

አርዲቦ ሐይቅ ከሐይቅ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚያ አቀበትና ኮረኮንች የሚመላለስ ሞተር ሳይክል ካቴናው ቶሎ ይላላል፤ ጎማው ቶሎ ይበላል። ወጣት ሞተሩን ደገፍ አድርጎ በጉልበቱ ይጠግናል። ስልሳን ለተሻገረ ባለሞተር ግን ከ100 ኪሎ በላይ ብረት ማንሳት ለወገብ አደጋ ነው።

ታዲያ የትኛው ማንሻ ያዋጣል?

የመሃል ማቆሚያ ያለው ሞተር ለካቴናና ለኋላ ጎማ ሥራ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። ማቆሚያው ከሌለ ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ የሚሠራው የኋላ መደገፊያ ይበቃል። የመቀስ ክሪክ ቦታ አይፈጅም፤ ነገር ግን ማርሚታው በሥሩ የሚያልፍ ሞተር ላይ በደንብ አይዝም። የሃይድሮሊክ ጠረጴዛ ሞተሩን እስከ ወገብ ስለሚያነሳ ጎንበስ ማለትን ያስቀራል። ሆኖም ሰፊ ቦታና የሲሚንቶ ወለል ይሻል። ለጋራዥ እንጂ ለአንድ ሞተር ባለቤት ገንዘብ ማሰር ነው።

ገዢ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የመሸከም አቅሙን፣ የዘይት ጎማው መለዋወጫ መኖሩንና የመቆለፊያ ብረቱን። አስመጪውም እነዚህን ይዞ ቢቀርብ ደንበኛ አያጣም። ዘይት ሲያፈስ ሞተሩን የሚይዘው መቆለፊያው ብቻ ነውና፣ መቆለፊያ የሌለው ማንሻ በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።