ካርድን የዘለለ ገበያ

የለንደን ከተማ አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ መቀበል ካቆሙ ከአሥር ዓመት በላይ ሆናቸው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ተሳፋሪው ሲገባ ካርዱን ወይም ስልኩን ሹፌሩ አጠገብ ወዳለው ማንበቢያ ጠጋ ያደርጋል፤ ማሽኑ ድምፅ ያሰማል፤ ሰውየው አልፎ ይቀመጣል። ስዊድን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ጭራሽ የማይቀበሉ ቡና ቤቶችና ሱቆች ሞልተዋል። ጀርመን ላይ ደግሞ ዛሬም ኪሱ ውስጥ ዩሮ ያልያዘ ሰው አንዳንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ይቸገራል። ካርድ በተለመደበት አገር ዓመታት የኖረ የጎጃም ልጅ ለጥምቀት ወይም ለእህቱ ሠርግ ሲመጣ፣ ባሕር ዳር ላይ ኤቲኤም ፈልጎ በውጭ ካርዱ ብር ያወጣል። ከዚያ በሞጣ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዴት ገበያ ሲገባ፣ ጤፍ ሻጩ ዘንድ ካርዱን የሚያስጠጋበት ማሽን አያገኝም። የሚጠብቀው ጥያቄ ነው፦ «ካሽ ነው ወይስ በቴሌብር ትልክልኛለህ?»

ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ አልስማማም። የጎጃም ገበያ ካርድን ሳያውቅ ወደ ስልክ የተሻገረው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል።

ሳይነካ የሚያስከፍለው ካርድ ባትሪ የለውም። በፕላስቲኩ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ ከትንሽ ቺፕ ጋር ተያይዟል። ማንበቢያው በ13.56 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ሲያሰራጭ ሽቦው ከዚያ ሞገድ ኃይል ይቀዳል፤ ቺፑ ይነቃና ለዚያች አንዲት ክፍያ ብቻ የሚያገለግል ምስጢራዊ ኮድ ሠርቶ ይመልሳል። ካርዱና ማሽኑ የሚነጋገሩት በአራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ነው። ኮዱን በመሐል የጠለፈ ሰው ቢኖር እንኳ ደግሞ አይጠቀምበትም። ትንንሽ ክፍያ ያለ ሚስጥር ቁጥር ያልፋል፤ በአብዛኞቹ የዩሮ አገሮች ወሰኑ 50 ዩሮ ነው፣ በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 100 ፓውንድ ከፍ ብሏል። ካርዱ በተደጋጋሚ ሲጠጋ ግን ማሽኑ በየመሐሉ ሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ የጠፋ ካርድ ያገኘ ሰው ያለ ገደብ እንዳይበላበት ነው።

ድንቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሸክሙ በአብዛኛው ያለው በሻጩ ላይ ነው። ሻጩ ፖስ የሚባለው የካርድ ማንበቢያ ማሽን ያስፈልገዋል፤ ማሽኑ መብራትና መስመር ይፈልጋል፤ ማሽኑን ለማግኘት ደግሞ ከባንክ ጋር ውል መግባት አለ። ገዢውም ካርድ ያወጣ መሆን አለበት። ማለዳ ከገጠር ቀበሌ ተነሥታ እንቁላልና ጌሾ ይዛ የወጣች እናት፣ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ማንጎ ያወረደ ገበሬ፣ ቡሬ ላይ በርበሬ በጆንያ የሚያስመዝን ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? በአገራችን ኤቲኤም ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የተተከለው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን እንዲሠራ ያስቻለው ኢትስዊች ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. አካባቢ። ባንኮቹ ካርዶቻቸውን እስኪያገናኙ ድረስ በገጠሩ እጅ ስልክ ገብቶ ነበር።

ከሩቅ የመጣ ገንዘብ ለጎጃም ገበያ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባይ ማዶ የመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ከነዚህም ጋር በግፍ የሚሸጠው ሰው፣ በምሥራቁ በኩል ባለው የባሶ ገበያ ሲገላበጥ መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1830ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ጎጃም ተቀምጦ ይህን ገበያ በጽሑፉ አስፍሯል። አሞሌው የሚቆረጠው በአፋር የጨው ሜዳ ነው። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ለአንድ ጠገራ ብር ትግራይ ላይ የሚሰጠው አሞሌ ብዙ ነው፣ ጎጃም ላይ ያንሳል፣ አባይን ሲሻገር ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ ጫፉ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል።

ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ደግሞ ከቪየና ነው የመጣው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም በየጊዜው የተመታው ሁሉ የሞተችበትን 1780 ዓመት እንደያዘ ቀጥሏል፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህም ከመቶ 83 እጅ ገደማው ብር ነው። የአገራችን ሰው ሲቀበል በንግሥቲቱ የፀጉር ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ማያያዣ አገላብጦ ያይ ነበር፤ ነጥቡ የጠፋበትን አልቀበልም ይል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በስማቸው ብር ቢያስመቱም፣ አዲስ ወረቀት ገንዘብ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በሕግ ቢወጣም፣ ገበሬው ጠገራውን ቶሎ አልለቀቀም። ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ይህን ነገ ከእኔ ማን ይቀበለኛል? ከዚያ ወዲህ በመጣ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ቴሌብርም የተፈተነው በዚሁ ነው።

ስልኩ እንዲገባ መንገዱን ከጠረጉት ነገሮች አንዱ የብር ለውጡ ይመስለኛል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ኖቶች ሲታወጁና ባለ 200 ብሩ ሲጨመር፣ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በፍራሽ ሥርና በጎታ ሥር ያለ ብር ባንክ ካልገባ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ባንክ ቤት ረግጦ የማያውቅ ብዙ ሰው በዚያ መኸር ደብተር አወጣ። በስምንተኛው ወር፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። ብሔራዊ ባንክ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ በመመሪያ የፈቀደው ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. ነው፤ መመሪያው በስልክ ያለው ገንዘብ ሁሉ እኩያው በባንክ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ቴሌብር የመጀመሪያው አልነበረም። አማራ ክልል ውስጥ አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ኤም ብርን ቀድሞ ሞክሯል፤ የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብርም ነበር። የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ነገር ግን ሲም ካርዱ በሁሉም እጅ ያለ ድርጅት ሲጀምረው ለገበሬው ጥያቄ መልስ ተገኘ፦ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ ባጃጅ ነጂውም ይቀበሉታል። በ2015 ግንቦት መግቢያ ላይ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲታዘዝ ሹፌሩ ሁሉ ተጨመረ።

እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ስማርት ስልክና ኢንተርኔት የግድ ይመስለዋል። ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይበቃል። *127# ተብሎ ሲደወል ጥያቄው የሚሄደው በኢንተርኔት ሳይሆን ስልኩና አንቴናው ጥሪ ሲያገናኙ በሚነጋገሩበት ጠባብ መስመር ነው። ማውጫው በቁጥር ይመጣል፤ ላኪው ይመርጣል፣ የተቀባዩን ስልክና የብሩን መጠን ያስገባል፣ ስም ወጥቶ ሲያይ ሚስጥር ቁጥሩን ይጨምራል። ለማሰብ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ከዘገየ መስመሩ ይቋረጥና እንደገና መጀመር ነው። በዚህ ላይ ፊደላችን የራሱ ችግር አለበት። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በአማርኛ የሚላከው ደረሰኝ ስለዚህ ቶሎ ይሞላል፤ በአሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

አሳሳቢው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ስልኩን ለወኪሉ ወይም ለባለሱቁ ልጅ ይሰጣል፤ ሚስጥር ቁጥሩንም በቃሉ ይነግረዋል። አብዛኛው ወኪል ታማኝ ነው፤ በየሳምንቱ ፊቱን የሚያየውን ሰው አይበድልም። ነገር ግን የማንም ገንዘብ በሌላ ሰው ጨዋነት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። የለንደኑ ካርድ ባለቤቱ ፊደል ባይቆጥርም ይሠራል፤ የእኛው ስልክ ግን ገና ከማንበብ አልተላቀቀም። ገንዘቡን፣ የተቀባዩንም ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአገውኛ በድምፅ የሚናገር አሠራር ቢስፋፋ ለገጠሩ ከማንኛውም አዲስ አፕ ይልቅ ይጠቅመው ነበር። በየገበያው የሚታየው የማጭበርበሪያ ዘዴም በዚሁ ክፍተት የሚገባ ነው፦ ደረሰኝ መስሎ የተጻፈ የሐሰት መልእክት አሳይቶ እህል ጭኖ መሄድ። ሻጭ ማመን ያለበት ገዢው የሚያሳየውን ስክሪን ሳይሆን በራሱ ስልክ የገባውን ቀሪ ሂሳብ ነው።

ሁለተኛው አሳሳቢ ነገር የሴቶች ገንዘብ ነው። በጎጃም ገጠር የጤፉና የበቆሎው ሽያጭ በአባወራው እጅ ሲያልፍ፣ የእንቁላሉ፣ የዶሮው፣ የቅቤውና የጌሾው ብር በመቀነት ጫፍ ተቋጥሮ የሚገባ የእናት ገንዘብ ነው። የልጆች ደብተር፣ ጨውና ጋዝ፣ የማኅበር ወጪ ከዚያ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ሆኖ በባል ስም ከሆነ፣ ያ ብር በስልክ ሲከፈል እሷ እጅ አይገባም። ስለዚህ አንዲት ሴት «በካሽ ካልሆነ አልሸጥም» ስትል ሥልጣኔን መቃወሟ አይደለም፤ የራሷን ድርሻ እየጠበቀች ነው። መፍትሔው ለእሷም በስሟ የወጣ ሲምና መታወቂያ እንዲኖራት ማድረግ እንጂ ጥሬ ገንዘቡን መከልከል አይደለም።

ወኪሉም የራሱ ጭንቀት አለው። እንደ ሱቅ ቢታይም ሁለት ሣጥን የያዘ ሰው ነው፦ በስልኩ ያለው ብርና በመሳቢያው ያለው ብር። በገበያ ቀን እህሉን ሽጦ የተከፈለው ገበሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ «ካሽ አውጣልኝ» ይላል፤ ከቀትር በፊት መሳቢያው ባዶ ይሆናል። ከባንክ ቤት ሄዶ እስኪያመጣ ሰልፉ ይጠብቃል፣ ወይም ገበሬው ሳያወጣ ይመለሳል። ይህ በመኸር ወቅት ይብሳል። በክረምቱ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይታያል፤ ከአዲስ አበባ ልጅ የላከው ብር ካልሆነ የሚያስወጣ ሰው ይጠፋል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አማራ ክልል በሚገባ አይቶታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንሥቶ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የባንኮች አፕ አልከፈት አለ፤ የስልክ ጥሪ ባለበት አካባቢ በ*127# መላክ ሲቻል፣ እሱም በጠፋበት ቀን ጥሬ ብር የያዘ ሰው ብቻ ሸመተ። ከባሕር ማዶ የሚላክ የዘመድ ገንዘብ ባለቤቱ ጋር ለመድረስ ረጅም መንገድ ዞረ። አውሮፓ ውስጥ ጥሬ ገንዘብን እስከ መጨረሻው ስለማስቀረት ሲከራከሩ የሚያነሡት የመብራት መጥፋትና የኮምፒውተር ጥቃት ነው፤ ስዊድን ለዜጎቿ ለክፉ ቀን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ቤት አስቀምጡ እስከ ማለት ደርሳለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ክፉ ቀን የደረሰ ነገር ነው።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁለቱንም ይዞ ይግባ። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሲደርስ ሲም ካርድ አውጥቶ ቴሌብር ይክፈት፤ ገጠር ወኪል ጋ መጠበቅ እንዳይኖርበት ብሩን ከተማ ላይ ይሙላ። ለባጃጅ፣ ለሊስትሮና ለጉልት ሻጭ የአሥርና የሃምሳ ብር ዝርዝር ይያዝ፤ ባለ 200 ብሩን ለትንሽ ዕቃ ሲያወጣ ሻጩ መልስ ስለሚያጣ በምትኩ ማስቲካ ሊደርሰው ይችላል። የተቀደደና ጫፉ የጠፋ ኖት አይቀበል፤ ሲሰጥ እሺ የሚለው ሰው ያጣል። ወንዝ ማዶ ላለ ቤተ ዘመድ ሲልክ ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት ደውሎ «አባትዬ፣ ስልኩ በማን ስም ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ በስክሪኑ የሚወጣው ስም ከተነገረው ጋር ካልተመሳሰለ አይላክ። በስሕተት የተላከ ብር ተቀባዩ ካላወጣው ሊመለስ ይችላል፤ ለዚያም የግብይት ቁጥሩን የያዘው መልእክት እንዳይጠፋ ያስቀምጥና ሳይውል ሳያድር ያመልክት።