ባለጥፍሩ እንቁራሪት፤ መለያው፣ መኖሪያውና እርባታው

ሳላማንደርና ኒውት የሚባሉት ባለጭራ የውሃና የየብስ እንስሳት ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ አይገኙም፤ በአፍሪካ የሚኖሩት እንደ ሞሮኮና አልጄሪያ ባሉ የሰሜን አገሮች ብቻ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ኩሬውንና ረግረጉን የያዙት እንቁራሪቶች ናቸው። ከእንቁራሪቶችም በገንዳ ለማኖር የሚመቸው፣ ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል በውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ባለጥፍር እንቁራሪት ነው። ከባለጥፍሮቹ ዜኖፐስ ክሊቪ የተባለው ዝርያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች ነዋሪ ነው።

ክረምት ሲገባ ማታ ማታ የሚጮኸው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጉርጥ ቆዳው ሸካራ ነው፤ ከዓይኑ ኋላ መርዝ የሚያመነጩ ሁለት ጎላ ያሉ እጢዎች አሉት። ቲካዴና የሚባለው ወገን አፍንጫው ሹል፣ እግሩ ረጅም ሲሆን ጀርባው ላይ ከራሱ ወደ ወገቡ የወረዱ ሸንተረሮች ይታያሉ። ትልልቅ ዓይኖችና ቁልቁል የተሰነጠቀ ብሌን ያለው ደግሞ ሌፕቶፔሊስ ነው። ከዚህ ወገን ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒን ማልኮም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስያሜው ለእንስሳት ተመራማሪው ለዴሪክ ያልደን መታሰቢያ ሆነ። ዋና መኖሪያው የጎጃም ደጋ ነው። እንዲህ ያለ የአገር ሀብት በመስኩ ይታይ እንጂ በገንዳ ሊዘጋበት አይገባም።

ባለጥፍሩን ከእነዚህ መለየት አያስቸግርም። ገላው ጠፍጣፋና በጣም አንሸራታች ነው፤ ዓይኖቹ ወደ ላይ ይመለከታሉ፤ ምላስ የለውም። በኋላ እግሮቹ ሦስት የውስጥ ጣቶች ጫፍ ላይ ጥቋቁር ጥፍሮች አሉት። በጎኑ ላይ በመርፌ የተሰፉ የሚመስሉ አጫጭር መስመሮች ተደርድረዋል፤ የውሃን እንቅስቃሴ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ምግቡን በፊት እጆቹ እየገፋ ወደ አፉ ይከታል።

አያያዙን በሚመለከት ብዙ ልምድ ያለው በደቡብ አፍሪካው ዘመዱ በዜኖፐስ ላቪስ ነው፤ እሱን ቤተ ሙከራዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት አራብተውታል። የመስታወት ገንዳ ቢገኝ መልካም ነው፤ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋም ያገለግላል። የውሃው ጥልቀት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሳይከደን አንድ ቀን ማደር አለበት። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ አጠገብ የተቀዳ ውሃ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የእንቁራሪት ቆዳ ውሃ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይመጥጣል። ጠጠር ስለሚውጥ ወለሉ ላይ ጠጠር አይደረግም፤ ለመሸሸጊያ የእንስራ ስባሪ ይበቃዋል። ክዳኑ አየር የሚያስገባ ወንፊት ሆኖ ክብደት ይጫንበታል፤ ይህ እንስሳ በዝናብ ሌሊት በየብስ ተጉዞ ኩሬ የሚቀይር ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የምድር ትል ይሰጠዋል፤ የተረፈው ሳይበሰብስ ይወጣል።

ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ወንዱ ለመራባት ሲደርስ ክንዱ ላይ ጥቁር ምልክት ያወጣል፤ ውሃ ውስጥ ሆኖም ይጮኻል። እርባታውን የሚቀሰቅሰው የዝናብ መምጣት ስለሆነ የገንዳው ውሃ ለጥቂት ቀናት ዝቅ ብሎ ይቆይና ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል። ቤተ ሙከራዎች ሆርሞን ይወጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዚህ እንቁራሪት የጀመረው የእርግዝና ምርመራም በዚሁ የተመሠረተ ነበር፤ የነፍሰ ጡር ሽንት የተወጋች እንቁራሪት በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች።

ወንዱ ሴቷን ወገቧ ላይ ያቅፋታል፤ እሷም በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን አንድ በአንድ ትጥላለች። ወላጆቹ እንቁላሉን ስለሚበሉ ወዲያው ወደ ሌላ ገንዳ መዛወር አለባቸው። በሁለት ሦስት ቀን የሚፈለፈሉት እጮች ብርሃን የሚያሳልፍ ገላ አላቸው። አፋቸው አጠገብ ሁለት ቀጫጭን ጢሞች አሉ፤ ራሳቸውን ወደ ታች አዘንብለው የጭራቸውን ጫፍ እያርገበገቡ ባሉበት ይንሳፈፋሉ። ምግባቸውን ውሃውን እያጣሩ ስለሚያገኙ ትል አይበሉም። ደርቆ የደቀቀ የሳማ ቅጠል በጥቂቱ ይበተንላቸዋል፤ በጎጃም በየአጥሩ ሥር እንደሚበቅለው ያለ ሳማ በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎችም ለዚሁ ሲያገለግል ኖሯል። ውሃው ጠርቶ ሲታይ ምግቡን ጨርሰውታል ማለት ነው። በሁለት ወር ገደማ ጭራው ይጠፋል፤ እግር ያወጣው ግልገል ትል መብላት ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን በቸልታ አይታለፍ። ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ በብዙ አገሮች የእንቁራሪት ዝርያዎችን ፈጅቷል፤ በኢትዮጵያም ተገኝቷል። ባለጥፍሩ ፈንገሱን ሳይታመም ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ከዱር ለመያዝ የሚያስብ ትምህርት ቤት ወይም ግለሰብ አስቀድሞ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ። በገንዳ የኖረን እንቁራሪት ወደ ላህ ወንዝም ሆነ ወደ ብር ወንዝ መልቀቅ አይገባም፤ የገንዳውን ውሃም ከኩሬና ከጅረት አርቆ በደረቅ መሬት ላይ መድፋት ያስፈልጋል።