መኪናዋ እንድትሰምጥ የፈለገው ማን ነው?

አንድ ወጣት በሌሊት አንዲት መኪና ገፍቶ ረግረግ ውስጥ ይከታታል። ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ የተገደለች ሴት አስከሬን አለ። መኪናዋ ቀስ እያለች መስመጥ ትጀምራለች። ከዚያ ቀጥ ትላለች። ልጁ ከረሜላ እያኘከ ነበር፤ ማኘኩን ያቆማል። ግራ ቀኙን ያያል። እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መኪናዋ ጭልጥ ብላ ትጠፋለች። ልጁ ፈገግ ይላል፣ እኛም እፎይ እንላለን።

ቆይ ግን፣ እፎይ ያልነው ለማን ነው?

ፊልሙ የአልፍሬድ ሂችኮክ "ሳይኮ" ነው፤ በ1960 ነው የወጣው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስፖይለር አለው፣ ግን ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ፊልም ነውና ይቅር በሉን።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ማሪዮን ክሬን የምትባል የቢሮ ሠራተኛ ባንክ አስገቢ የተባለችውን 40,000 ዶላር ይዛ ትጠፋለች። ዝናብ ሲመታት መንገድ ዳር ያለ ባዶ ሞቴል ታድራለች። ባለቤቱ ኖርማን ቤትስ ዓይን አፋር፣ ትሁት ልጅ ነው። ከእሱ ጋር ስታወራ ሐሳቧን ትቀይራለች፤ ነገ ተመልሼ ገንዘቡን እሰጣለሁ ብላ ትወስናለች። ከዚያ ገላዋን ልትታጠብ ትገባለች፣ እዚያው ትገደላለች። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የተከተልናት ዋና ገጸ ባሕርይ ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ አለቀች።

እና አሁን ማንን እንከተል? ሂችኮክ ኖርማንን ይሰጠናል። የገደለችው እናቱ ናት ብለን ስለምናስብ፣ ደም በመወልወያ ሲያጸዳ እናዝንለታለን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከሟቿ ወደ ሬሳ ደባቂው ተሻግረናል። ማንም አላስገደደንም። መሻገራችንንም አላወቅንም።

ፊልምን በሳይኮአናሊሲስ ዓይን ማየት የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ "ኖርማን ምን ነካው?" ብሎ ሳይሆን "እኔ ምን ነካኝ?" ብሎ።

ሳይኮአናሊሲስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሶፋ ላይ የተጋደመ በሽተኛና ጺማም ሐኪም ነው። ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ዋና ሐሳቡን በአጭሩ እንየው፦ የምንፈልገውን ሁሉ አናውቀውም። የሚያሳፍረንን ወይም የሚያስፈራንን ነገር አፍነን ወደ ታች እንገፋዋለን፣ ግን አይሞትም። በሕልም፣ በአፍ ወለምታ፣ ምክንያቱ በማይገባን ፍርሃት መልኩን ቀይሮ ይመጣል። የሚገርመው፣ ፍሮይድ ከብሮየር ጋር ስለ ሂስቴሪያ የጻፈው መጽሐፍና የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ከፍለው ለገቡ ሰዎች ያሳዩት የመጀመሪያው ሲኒማ በአንድ ዓመት የወጡ ናቸው፦ 1895።

ፍሮይድ ራሱ ግን ሲኒማ ብዙም አይጥመውም ነበር። የሆሊውዱ ፕሮዲውሰር ሳሙኤል ጎልድዊን ስለ ታላላቅ የፍቅር ታሪኮች ፊልም ላይ እንዲያማክረው 100,000 ዶላር ሊሰጠው ፈልጎ፣ በ1925 ፍሮይድ ላግኝህ ሲለው እንኳ እምቢ አለ። (በዚያ ጊዜ ገንዘብ እኮ ነው!) ሆሊውድ ግን ፍሮይድን አልተወውም። በ1945 ሂችኮክ ራሱ "ስፔልባውንድ" የሚል ፊልም ሠራ፤ ሐኪሟ የጀግናውን ሕልም ትፈታና ምስጢሩ ይገለጣል። የሕልሙን ትዕይንት የነደፈው ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ነው። ያምራል፣ ግን ሕልሙን እንደ እንቆቅልሽ ነው የሚያየው። መልሱ ሲገኝ ሁሉም ሰው ይድናል፣ እኛም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

"ሳይኮ" እንዲህ በቀላሉ አይለቀንም። ስለ ማየት እናውራ።

ማሪዮን ልትታጠብ ልብሷን ስታወልቅ ኖርማን በግድግዳው ቀዳዳ ያያታል። ቀዳዳውን የሸፈነው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ የሶስና ታሪክ ነው። መጽሐፈ ሶስና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስላለ ታሪኩን የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ልትታጠብ የወጣችን ሴት ተደብቀው ያያሉ፣ እሺ አልል ስትላቸው በሐሰት ይከሷታል፣ ዳንኤል ያድናታል። ኖርማን ያንን ሥዕል ያነሳና በቀዳዳው ያያል። ካሜራው እሱ የሚያየውን ያሳየናል። ሁለት የነበሩት ሽማግሌዎች ከኖርማን ጋር ሦስት ሆኑ፣ ከእኛ ጋር አራት። ዳንኤል ደግሞ እዚህ ፊልም ላይ አይመጣም።

እንግሊዛዊቷ ሎራ መልቪ በ1975 ባሳተመችው ታዋቂ ጽሑፍ ይህንን ነገር ከፍሮይድ ተነስታ አብራርታዋለች። በእሷ አባባል የሆሊውድ ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚያየው በወንድ ዓይን ነው፤ ወንዱ ያያል፣ ሴቷ ትታያለች። ተመልካቹም ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ያንን ዓይን ይዋሳል። "ሴት ተመልካችስ?" የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሳ፤ እሷም በ1981 ተመልሳ ጻፈችበት። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ቀጣዩን የሙዚቃ ክሊፕ ስታዩ ካሜራው ከየት ጀምሮ ወደ የት እንደሚወጣ ልብ በሉ፤ መልቪ ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዝ። በቅርቡ አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር ቪዲዮ ላከልን። ከፎቅ መስኮት የተቀረጸ ነው፤ ግቢ ውስጥ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ሴትዮዋ ታለቅሳለች። "ፖስት አድርጉት፣ ይፈነዳል" ይላል መልእክቱ። አላደረግነውም። ጎበዝ ነን ለማለት አይደለም ይህን የምንነግራችሁ፤ አንለጥፍም ብለን ከመወሰናችን በፊት ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይተነዋል። በሦስተኛው ድምፁን ከፍ አድርገን ነበር። ምን ልንሰማ ነበር?

ያን ቀን ትዝ ያለን ሌላው የሂችኮክ ፊልም "ሪር ዊንዶው" ነው፣ 1954። እግሩ የተሰበረ ፎቶግራፈር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የጎረቤቶቹን መስኮት ያያል። አንዱ ጎረቤት ሚስቱን ሳይገድል አይቀርም ብሎ ይጠረጥራል። ልክም ነው። ግን እኛ እዚያ ወንበር ላይ ሆነን ግድያው እውነት እንዲሆን እንመኛለን፤ ሴትዮዋ በሕይወት ብትኖር ፊልሙ ይሰለቸን ነበር! መጨረሻ ላይ ገዳዩ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል። ከዚያ ክፍሉ ድረስ መጥቶ "ምን ፈልገህ ነው?" ዓይነት ጥያቄ ይጠይቀዋል። ፎቶግራፈሩ ዝም። እንደኛው፣ መልስ የለውም።

ወደ "ሳይኮ" እንመለስ፤ መጨረሻው አካባቢ አንድ የአእምሮ ሐኪም ተነስቶ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል። እናቲቱ ከሞተች ቆይታለች፣ መርዝ ሰጥቶ የገደላት ኖርማን ራሱ ነው፣ ግን በአእምሮው ውስጥ አኑሯታል፣ እሷን ሆኖ ነው የሚገድለው። ሁሉም ነገር ልክ ልኩን ያገኘ ይመስላል። ብዙ ተመልካቾች ይህን ትዕይንት አይወዱትም፣ እኛም ያንዛዛዋል ባዮች ነን። ሐኪሙ ስለ ኖርማን ሁሉን ሲናገር፣ እፎይ ስላልነው ስለ እኛ አንድ ቃል አይተነፍስም።

ከሱ በኋላ የሚመጣው የመጨረሻው ምስል ግን ተወዳዳሪ የለውም፦ ያቺ የሰመጠች መኪና በሰንሰለት ተጎትታ ከረግረጉ ስትወጣ። ፍሮይድ የታፈነ ነገር ተመልሶ ይመጣል ያለውን ከዚህ በላይ በምስል ማሳየት የሚቻል አይመስለንም።

ይህ ሐሳብ እኛም አገር ፊልም ውስጥ አለ። የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የዋጋዱጉውን ፌስፓኮ ዋና ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። ጀርመን የተማረው አንበርብር በደርግ የመጨረሻ ዘመን ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። አንድ እግሩ የለም፣ እንዴት እንዳጣው ግን አያስታውስም። ሌሊት እየቃዠ ይባንናል፤ እናቱ ጠበል ትወስደዋለች። ፊልሙ ወደፊት ወደኋላ የሚዘለው ዳይሬክተሩ ሊያደናግረን አይደለም፤ ትዝታው ለአንበርብርም የሚመጣለት እንደዚያው ተቆራርጦ ነው። እዚህ የታፈነው የአንድ ሰው ነውር ብቻ አይደለም፣ የአንድ ትውልድ እልቂት ነው። ይህንን ፊልም ከቤተሰብ ጋር ያየ ሰው፣ አባቱ ወይም እናቱ መሀል ላይ ተነስተው ሲወጡ አይቶ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ። ብዙዎቹ የፍሮይድ ሐሳቦች ዛሬ ሳይንሱ ዘንድ በጣም ይተቻሉ፤ ከፊልም ምሁራንም እነ ዴቪድ ቦርድዌል አልተቀበሉትም። ትችቱ ተገቢ ነው። ሁሉንም ነገር "የእናት ጉዳይ ነው" እያሉ መተርጎም አሰልቺ ከመሆኑም በላይ ቀላል ነው። ፈላስፋው ስላቮይ ዢዤክ የኖርማንን ቤት ሦስት ፎቅ የአእምሮ ሦስት ክፍል ነው ብሎ ይተነትነዋል፦ ላይ ፈላጭ ቆራጯ እናት፣ መሀል ተራው ልጅ፣ ምድር ቤት ያልተገራው ፍላጎት። አሪፍ ነው፣ ያስቃል፣ ግን ቤቱ ባለ አምስት ፎቅ ቢሆንም የሆነ ነገር የሚያገኝለት ይመስለናል። እና በዚህ ጽሑፍ ተነስታችሁ ጓደኛችሁን "አንተ እኮ ኖርማን ነህ" እንዳትሉት፤ ይህ የሕክምና ምርመራ አይደለም።

"ሳይኮ"ን ካላያችሁት ከሰው ጋር ሆናችሁ እዩት፣ ከተቻለ በስልክ ሳይሆን ተለቅ ባለ ስክሪን። መኪናዋ ረግረጉ መሀል ቀጥ ስትል ስክሪኑን ተዉትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው ፊት እዩ። ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልን።